የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ሚሲዮናዊ ከላኩ በኋላ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች በሙሉ ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው፦ አንዲት አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን በአገር ውስጥና በውጭ የሚያገለግሉ ሚሲዮናውያንን እንዴት ትደግፍ?

ጥያቄ፦ አጥቢያችን ባል፣ ሚስትና ሁለት ልጆች ያሉበትን ቤተሰብ ወደ ውጭ አገር ሊልክ ነው። ኮሚቴው ወርኃዊ ደመወዛቸውን ወስኗል። ሌላ የቀረን ነገር አለ? (የሚስዮን ኮሚቴ ጸሐፊ)

መልስ፦ ብዙ ቀርቷችኋል። ደመወዝ ከጠቅላላው ወጪ አንዱ ክፍል ብቻ ነው። በመጀመሪያ የመነሻውን ወጪ ለዩት፦ ትኬት፣ ቪዛ፣ የጤና ምርመራና ክትባት፣ የቤት ኪራይ ቅድመ ክፍያ፣ አልጋና ምድጃ። አከራዮች የበርካታ ወራት ኪራይ በአንድ ጊዜ መጠየቃቸው የተለመደ ስለሆነ ይህ ገንዘብ ቤተሰቡ ከመሣፈሩ በፊት ተሟልቶ መገኘት አለበት። «ከሄዱ በኋላ እንልካለን» ከተባለ ቤተሰቡ የመጀመሪያዎቹን ወራት በብድር ይጀምራል።

ቀጥሎ በየወሩ የማይታዩት ወጪዎች ይመጣሉ። የጤና መድን ሲገዛ በጽኑ የታመመን ሰው ወደ ሌላ አገር አውጥቶ ማሳከምን የሚሸፍን መሆኑን ውሉን አንብባችሁ አረጋግጡ። የልጆች ትምህርት፣ የጡረታ ቁጠባና የመኖሪያ ፈቃድ ማሳደሻም አይረሱ። የመመለሻ ትኬት ድንገት የሚመጣ ዕዳ አይደለም፤ የአገልግሎቱ ዙር ሦስት ዓመት ከሆነ የትኬቱን ዋጋ ለ36 ከፍላችሁ በየወሩ አስቀምጡ።

የቋንቋ ትምህርትም ራሱን የቻለ የበጀት መስመር ይሁን። አዲስ ቋንቋ ሰብከው እስኪያስተምሩበት ድረስ መልመድ አንድ ሁለት ዓመት ሙሉ ጊዜ ይፈጃል፤ መምህሩም ክፍያ ይፈልጋል። በስምንተኛው ወር «እስካሁን ስንት ሰው አመነ?» ብሎ የሚጽፍ ኮሚቴ ሚሲዮናዊውን ቋንቋውን አቋርጦ በአስተርጓሚ ወደ መስበክ ይገፋዋል፤ ያኔ የተቋረጠ ቋንቋ ደግሞ ብዙውን ጊዜ እንደተቋረጠ ይቀራል።

በአስተላላፊ ድርጅት በኩል የምትልኩ ከሆነ የአስተዳደር ተቀናሹን፣ ማለትም ድርጅቱ ለራሱ ሥራ ማስኬጃ የሚቆርጠውን፣ ጠይቁ፤ በብዙ ድርጅቶች ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። ብዙ ገንዘብ ያዦች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ቤተሰቡ እጅ 1,000 እንዲደርስ ከተፈለገና ተቀናሹ 12 በመቶ ከሆነ፣ 1,120 መላክ አይበቃም። የ1,120 12 በመቶ 134 ስለሆነ ቤተሰቡ ዘንድ የሚደርሰው 986 ብቻ ነው። ትክክለኛው ሒሳብ 1,000ን ለ0.88 ማካፈል ነው፤ 1,136 ገደማ ይመጣል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም በየወሩ የሚጎድለው ከቤተሰቡ ቀለብ ላይ ነው።

በመጨረሻ ምንዛሪ። እናንተ ቃል የገባችሁት በአገራችሁ ገንዘብ ነው፣ እነሱ ኪራይ የሚከፍሉት በሌላ። በየስድስት ወሩ መጠኑን ለመከለስ ከአሁኑ ተስማሙ፤ የሦስት ወር ወጪም በመጠባበቂያነት ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ በዓመታዊው የሚስዮን ሳምንት ምእመናን ቃል ከገቡት ገንዘብ ሁልጊዜ የተወሰነው ሳይገባ ይቀራል። በዚህ ላይ ከሃያ በላይ ሚሲዮናውያንን እንረዳለን፣ ለእያንዳንዳቸው ግን የሚደርሰው ጥቂት ነው። ምን እናድርግ? (የአጥቢያ ገንዘብ ያዥ)

መልስ፦ በጀት የሚሠራው በገባው ገንዘብ እንጂ በተባለው አይደለም። ያለፉት ሦስት ዓመታት ገቢ አማካይ መነሻችሁ ይሁን። የቀደመ መዝገብ የሌለው አጥቢያ ቃል ከተገባው 100 ውስጥ 80ውን ብቻ ይቁጠር፤ የተረፈው ወደ መጠባበቂያው ይግባ። የሚስዮን ገንዘብ ለብቻው የባንክ ሒሳብ ይኑረው። ከጠቅላላው ሒሳብ ጋር ከተቀላቀለ ጣሪያ ባፈሰሰ ቁጥር «ለጊዜው እንበደር» ይባላል፤ ሚሲዮናዊው ሩቅ ስላለ በጉባኤው ላይ ተነሥቶ የሚከራከርለት ሰው የለም።

የማስተላለፊያ ክፍያውንም አስሉ። ባንኩ በአንድ ዝውውር 40 ዶላር ያስከፍላል፣ እናንተም በወር 300 ዶላር ትልካላችሁ እንበል። በዓመት ከ3,600 ዶላር ውስጥ 480ው ለባንክ ይሄዳል፤ ይህ ከ13 በመቶ በላይ ነው። በየሦስት ወሩ 900 ብትልኩ ክፍያው 160 ብቻ ይሆናል። ታዲያ የሦስት ወሩ የሚላከው አስቀድሞ ነው፤ ወሮቹ ካለፉ በኋላ ከሆነ የቆጠባችሁት እነሱን በማስራብ ነው።

ስለ ሃያዎቹ፦ ቁጥሩን ቀንሱ። አርባ አብያተ ክርስቲያናት ጥቂት ጥቂት የሚሰጡት ሚሲዮናዊ ለዕረፍት ሲመለስ አርባውንም ለማመስገን መንገድ ላይ ያልቃል። አሁን ያሉትን ግን በአንድ ጊዜ አትቁረጡ፤ አገልግሎቱን የሚጨርስ ሲኖር በሌላ አትተኩት፣ ድርሻውን ለቀሩት ደርቡ። በሌላ በኩል አንድ አጥቢያ መቶ በመቶ መሸከሙንም አንመክርም፤ አጥቢያው ከተከፈለ ወይም ገቢው ከወደቀ ቤተሰቡ አብሮ ይወድቃል። ላኪዋ ቤተ ክርስቲያን ከሲሶ እስከ ግማሽ ይዛ ሦስት አራት አጋሮች ቀሪውን ቢሸፍኑ ይሻላል ባይ ነን።

ጥያቄ፦ አገር ውስጥ በሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ሕዝብ መካከል ላለው ሚሲዮናዊ የምንሰጠው ውጭ ላለው ከምንሰጠው በጣም ያንሳል። ትክክል ነው? (ሽማግሌ)

መልስ፦ ትኬቱና ቪዛው ስለሌለ ማነሱ ተገቢ ነው። ስህተቱ ሕክምናው፣ ጡረታውና የልጆቹ ትምህርት አብረው ሲሰረዙ ነው። ቅርብ ስለሆነ ለስብሰባ፣ ለሠርግና ለኮንፈረንስ በየጊዜው ይጠራል፤ የመንገዱን ግን ማንም አይከፍልለትም። የቋንቋ መማሪያ ጊዜም እንደ ውጪው ያስፈልገዋል።

ጥያቄ፦ የላክነው ሰው ሪፖርት አቁሟል። ድጋፉን እንያዝበት? (የኮሚቴ አባል)

መልስ፦ አትያዙ፤ መጀመሪያ ደውሉ። ሪፖርት የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ መልስ የሚሰጥ ሲጠፋ ነው። ካለፉት ደብዳቤዎቹ ስንቱን መለሳችሁለት? በየሦስት ወሩ አንድ ገጽ ይበቃል፦ ምን ሠራህ፣ ምን ከበደህ፣ ስለ ምን እንጸልይ፣ ወጪው ከበጀቱ ጋር ይሄዳል ወይ። ከኮሚቴው አንድ ሰው በሳምንት ውስጥ እንዲመልስ ይመደብ። ድጋፍ በምን ምክንያት እንደሚቋረጥ ከመነሻው በመግባቢያ ሰነዱ ላይ ይጻፍ፤ የስድስት ወር ማስጠንቀቂያም ይኑረው።

አንድ ጥንቃቄ እንጨምር። ሚሲዮናዊነት በተከለከለበት አገር ላለ ሰው ገንዘብ ሲላክ የባንኩ ቅጽ የመላኪያ ምክንያት የሚል መስመር አለው። እዚያ ላይ «ለወንጌል ሥርጭት» ብሎ መጻፍ ሰውየውን ሊያስባርረው፣ ያመኑትን ደግሞ ሊያሳስር ይችላል። መፍትሔው ሐሰት መጻፍ አይደለም፤ ገንዘቡ በአገራችሁ ባለው በራሱ ሒሳብ ይግባለት። ፎቶ፣ ስምና የከተማ ስምም በቴሌግራም ቻናላችሁ ላይ አይለጠፍ።

ጥያቄ፦ ሚሲዮናዊ ራሱ ገንዘብ መጠየቁ የእምነት ጉድለት አይደለም? (ስም አልተጻፈም)

መልስ፦ እንግሊዛዊው ሚሲዮናዊ ሃድሰን ቴይለር በ1865 የመሠረቱት የቻይና ኢንላንድ ሚሽን ቋሚ ደመወዝ ሳይኖረው፣ ከሰውም ሳይለምን ሠርቷል። ያ አንድ መንገድ ነው። ጳውሎስ ግን የሮሜ ሰዎችን ወደ ኢስጳንያ በሚሄድበት ጉዞ እንዲረዱት በግልጽ ጽፎላቸዋል (ሮሜ 15፥24)። ሌላው እንግሊዛዊ ሚሲዮናዊ ዊልያም ኬሪ በ1793 ሕንድ ውስጥ ወዳለችው ቤንጋል ሄደው ገንዘብ ስላለቀባቸው በማግስቱ ዓመት የኢንዲጎ (ሰማያዊ ማቅለሚያ) ፋብሪካ አስተዳዳሪ ሆነው ቤተሰባቸውን አስተዳድረዋል። ሦስቱንም መንገዶች በኃጢአት መፈረጅ አይቻልም። ችግሩ ላኪው አንዱን፣ ተላኪው ሌላውን አስቦ ሲለያዩ ነው፤ ስለዚህ ማን፣ ከማን፣ ምን ያህል እንደሚጠይቅ በመግባቢያ ሰነዱ ላይ ይስፈር።

ጥያቄ፦ ሚሲዮናዊታችን ከአራት ዓመት በኋላ ለዕረፍት ልትመለስ ነው። ምን እናዘጋጅ? (የሴቶች ኅብረት)

መልስ፦ ማረፊያ ቤትና የሐኪም ቀጠሮ። የመጀመሪያዎቹን አራት ሳምንታት የስብከት ፕሮግራም አትያዙላት። ጳውሎስና በርናባስ ወደ አንጾኪያ ሲመለሱ እግዚአብሔር የሠራውን ለጉባኤው ተናግረው ከደቀ መዛሙርት ጋር ጥቂት ያልሆነ ጊዜ ተቀምጠዋል (ሐዋ. 14፥27-28)። ድጋፏም በዕረፍቱ ወራት አይቀነስ፤ እዚያ ያለው የቤት ኪራይ እሷ ባትኖርም ይቆጥራል።