ስለ ውሸት ጠይቁኝ

አራት ኪሎ አካባቢ በማማከር ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ስለ ውሸት የከነከናችሁን ጠይቁኝ ስል ጥያቄው ጎረፈ። የቻልኩትን እነሆ።

ጋሼ፣ የሚዋሽ ሰው ዓይን ዓይንህን አያይም ይባላል። እውነት ነው?

አይደለም። ግን ብቻህን አይደለህም። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ ጥናት በ75 አገሮች የሚኖሩ ሰዎች ውሸታም በምን ይታወቃል ተብለው ሲጠየቁ፣ በብዛት የመጣው መልስ ይኸው ነበር። ሲለካ ግን ዓይን መሸሽና መዋሸት ያላቸው ዝምድና ኢምንት ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ ይብሳል። ልጅ ሆነን ትልቅ ሰው ሲቆጣን አንገት ደፍተን ነው የምንሰማው። አፍጥጦ የሚያይ ልጅ «ዓይን አውጣ» ይባላል። ያው ልጅ አድጎ ፖሊስ ጣቢያ ሲጠየቅ መሬት መሬት ያያል። ታዲያ ዋሸ እንበል? ይሄ ነገር ያመኛል። አንዲት የቤት ሠራተኛ ብር ጠፋ ተብሎ «ዓይኔን አላየችኝም» በሚል ብቻ ስትባረር አይቻለሁ። ብሩ በሳምንቱ ከፍራሽ ሥር ተገኘ። ልጅቷ ግን አልተገኘችም።

ታዲያ በምን እንለየው?

ፊቱን አይተህ አትለየውም። ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ፣ ሰው ውሸትንና እውነትን አይቶ የሚለየው ከ100 54 ጊዜ ያህል ነው። ሳንቲም ከመወርወር ብዙም አይሻልም። የሚሻለው ማናገር ነው። የሚዋሽ ሰው ዋናውን ታሪክ አዘጋጅቶ ነው የሚመጣው። ያላሰበውን ጥያቄ ግን እዚያው መፍጠር አለበት። «ሜክሲኮ ደርሻለሁ» ካለህ የታክሲው ሰልፍ የት ድረስ እንደሆነ ጠይቀው። ከዚያ የሚነግርህን ከሚታወቀው ነገር ጋር አስተያየው።

«መንገድ ላይ ነኝ» እያልኩ ገና ጫማ እያሰርኩ ነው። ሁሉም ሰው እንደኔ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ተማሪዎች በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሌሎች ሰዎች አንድ ጊዜ ያህል እንደሚዋሹ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 ግን ሌላ ጥናት 1,000 አሜሪካውያንን ጠይቆ፣ 60 በመቶ ያህሉ ባለፉት 24 ሰዓታት ምንም አልዋሸንም አሉ። ግማሽ ያህሉን ውሸት የተናገሩት 5 በመቶ ገደማ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ «ሁሉም ይዋሻል» የሚለው ብዙ አያስኬድም።

ሳልበላ «በልቻለሁ» ብል ውሸት ነው?

ይሉኝታ ነው። ጋባዧም ታውቃለች፣ አንተም ታውቃለህ፤ ለዚህ ነው «በሞቴ» የምትልህ። ማንም አልተታለለም።

የአራት ዓመት ልጄ መዋሸት ጀመረ። ልምታው?

እባክሽ እንዳትመቺው። በዚህ ዕድሜ አብዛኞቹ ልጆች ይሞክሩታል። ሌላው ሰው እኔ የማውቀውን ላያውቅ ይችላል ብሎ ማሰብ ሲጀምሩ የሚመጣ ነው፤ አእምሮው እያደገ ነው ማለት ነው። ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ሁለት ትምህርት ቤቶችን ያነጻጸረ ጥናት አለ። ዱላ ባለበት ትምህርት ቤት ልጆቹ የበለጠ ዋሹ፤ ውሸታቸውንም በደንብ አስጠበቁ። ዕቃ ሲሰበር፣ ማን እንደሰበረው እያወቅሽ «አንተ ነህ የሰበርከው?» አትበዪው። «ና፣ ስብርባሪውን አብረን እናንሳ» በዪው።

የውሸት መመርመሪያ ማሽንስ?

የልብ ምትን፣ ትንፋሽንና ላብን ነው የሚለካው። የፈራ ንጹሕ ሰውም ያልበዋል።

ባሌ ከሥራ ከተቀነሰ ሦስት ወር ሆኖታል። ጠዋት ጠዋት ቦርሳውን ይዞ ይወጣ ነበር። ዛሬ ከሰው ሰማሁ። ምን ልበለው?

እህቴ፣ መናደድሽ ትክክል ነው። ሦስት ወር መታለል ቀላል አይደለም። ግን እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ገጥሞኛል። ለገሃር ወይም ስታዲየም አካባቢ ተቀምጦ ይውላል፤ ማታ «ዛሬ ሥራ በዝቶ ነበር» ይላል። የሚያስዋሸው ሐፍረት ነው። ሊያጠምድሽ አይደለም፤ እንዳትንቂው ነው። በሰው ፊት አታንሺው። «ለምን ዋሸኸኝ?» ብለሽም አትጀምሪ፤ ሌላ ውሸት ይወልዳል። ልጆቹ ሲተኙ አጠገቡ ተቀመጪና «ሰምቻለሁ። ለመሆኑ ምሳ የት ነበር የምትበላው?» በዪው።