ካንሰር የሀብታም አገር በሽታ ነውን?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። አክስቴ የወር አበባቸው ከተቋረጠ ከዓመታት በኋላ ደም ሲፈስሳቸው «የዕድሜ ነው» ብለው ለወራት ጠበል ሲመላለሱ ቆዩ። ሐኪም ቤት ሲደርሱ የማኅፀን በር ካንሰር መሆኑና መሰራጨቱ ተነገረን፤ ለጨረር ሕክምና አዲስ አበባ ለመውሰድም ሁለት በሬ ተሸጠ። ካንሰር የሀብታም አገር በሽታ ነው ሲባል ነበር የምንሰማው። እኔ 34 ዓመቴ ነው፤ ምንም አያመኝም፤ መመርመር ይገባኛል?

መልስ፦ አክስትዎን እግዚአብሔር ይማርልን። የሰሙት ነገር፣ ቢያንስ ስለዚህ ካንሰር፣ የተገለበጠ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2022 በማኅፀን በር ካንሰር ከሞቱት 350,000 ያህል ሴቶች 94 ከመቶዎቹ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ነበሩ። መነሻው፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፈው ኤች ፒ ቪ የተባለ ቫይረስ፣ ድሃና ሀብታም አይለይም፤ የሚለየው ሴቲቱ ሐኪም ፊት የምትቀርብበት ጊዜ ነው።

ጊዜው ደግሞ አጭር አይደለም። የሰውነት መከላከያዋ ባልተዳከመ ሴት ላይ ቫይረሱ የሚያስከትለው ለውጥ ካንሰር እስኪሆን ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት የሚፈጅ ሲሆን፣ ኤች አይ ቪ በደሟ ኖሮ ሕክምና ባልጀመረች ሴት ላይ ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊያጥር ይችላል። በዚያ ሁሉ ዘመን ሕመም ስለሌለው «ምንም አያመኝም» ማለትዎ ከምርመራ አያስቀርዎትም፤ ምርመራው የተዘጋጀውም ለማያማቸው ነው። በአገራችን ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ስለሚሰጥ እርስዎን በቀጥታ ይመለከታል። ባለሙያዋ የማኅፀን በሩን ኮምጣጤ ውስጥ ባለው ዓይነት ቀላል አሲድ ቀብታ አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች፤ የነጣ ቦታ ከታየና ለሕክምናው የሚመች ከሆነ፣ መሣሪያው ባለበት ጤና ተቋም በዚያው ቀን በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ሊወገድ ይችላል። አልጋ መያዝ አያስፈልግም። ብዙዎችን የሚያስቀራቸው ኀፍረት እንደሆነ እናውቃለን፤ ሴት ባለሙያ ትመርምረኝ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

በሬዎቹን ያሸጠው የሕክምናው ዋጋ ብቻ አይመስለንም። ጨረር አብዛኛውን ጊዜ ለሳምንታት ከሰኞ እስከ ዓርብ ስለሚሰጥ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚሄድ ቤተሰብ የማደሪያውን፣ የአስታማሚውን ቀለብና ሳይታረስ የቀረውን መሬት ጭምር ይከፍላል። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ይህ ሕክምና ይሰጥ የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር።

ጠበሉን አክስትዎ አይተዉ፤ ከሕክምናው ጋር አይጣላም። የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ የሚመጣ ደም ግን «የዕድሜ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለምና ለጎረቤቶችዎም ይንገሩ። አክስትዎ ለምርመራው ዕድሜያቸው የደረሰ ሴት ልጆች ካሏቸው፣ እርስዎ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ይዘዋቸው ይሂዱ።