የጡረታ ገንዘብና የልጅ ናፍቆት፦ ለአንዲት እኅት ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ በቨርጂኒያ የምንኖር፣ በሥርዓተ ተክሊል ከተጋባን 9 ዓመት የሞላን ባልና ሚስት ነን። እኔ 38 ዓመቴ ነው። ልጅ ስላልወለድን ሐኪሞች አይ ቪ ኤፍ (ፅንሱን ከማኅፀን ውጭ አዘጋጅቶ ወደ ማኅፀን የሚያስገባ ሕክምና) እንድንሞክር መክረውናል፤ ኢንሹራንሳችን ስለማይሸፍነው ክሊኒኩ መድኃኒቱን ጨምሮ 24,000 ዶላር ጠይቆናል። በፎር ኦ ዋን ኬ (በአሠሪዬ በኩል በሚቀመጥ የጡረታ ቁጠባ) ያጠራቀምኩት 52,000 ዶላር አለኝ። ባለቤቴ «የጡረታሽን ገንዘብ አትንኪው» ይላል። እኔ ግን ልጅ ከሌለ ጡረታው ለማን ነው? ልጁ ራሱ ጧሪያችን ይሆናል እላለሁ። ገንዘቡን ማውጣቴ በእግዚአብሔር ዘንድ ያስወቅሰኛልን?

መልስ፦ እኅቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየክርስትናው ድግስ የሌላውን ልጅ ታቅፎ ወደ ጸጥተኛ ቤት መመለስ፣ «መቼ ነው የምታስደስቱን?» ለሚል ዘመድ ሁሉ ፈገግ ብሎ መመለስ ምን ያህል እንደሚከብድ ከብዙዎች አንደበት ሰምቻለሁ። ስለ ጾሙ፣ ስለ ጸሎቱና ስለ ጸበሉ አንቺው የምታውቂውን አልደግምልሽም። ወደ ሐኪም መሄድ የእምነት ማነስ ነው ለሚሉሽም ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ መልስ ሰጥቷቸዋል፤ ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነውና። ገንዘቡም በላብሽ ያገኘሽው ስለሆነ ከባልሽ ጋር ተስማምታችሁ ብታወጡት አያስወቅስሽም።

እኔን ያስቆመኝ «ልጁ ራሱ ጧሪያችን ይሆናል» ያልሽው ነው። ይህን ቃል በዚህ በስደት አገር ከብዙ ቤት ሰምቼዋለሁ፤ ከየት እንደመጣም አውቃለሁ። ወላጆቻችን ባደጉበት ገጠር ገበሬው ሲያረጅ የሚያርስለት፣ ሲታመም የሚያስታምመው፣ ሲሞት የሚቀብረው ልጁ ነበር። ቋንቋችንም ይመሰክራል፤ «ጡረታ» እና «ጧሪ» ከአንድ ግሥ የወጡ ቃላት ናቸው፤ ልጅ ያልወለደውንም «ጧሪ ቀባሪ የሌለው» እያልን ስናዝንለት ኖረናል። ስለዚህ የጡረታን ገንዘብ ለልጅ ማዋል አንዱን ጡረታ በሌላው መለወጥ ብቻ ሆኖ ቢታይሽ አይደንቀኝም።

ሐዋርያው ጳውሎስ ግን ገንዘብ ሊያከማቹ የሚገባቸው ወላጆች ለልጆች እንጂ ልጆች ለወላጆች እንዳልሆኑ ይናገራል (2ኛ ቆሮ. 12፥14)። ልጆች ለወላጆቻቸው ብድራት ይመልሱ ዘንድም እርሱው ለጢሞቴዎስ ጽፏል (1ኛ ጢሞ. 5፥4)። ሁለቱ አይጋጩም። መጦር ልጁ ካደገ በኋላ በፍቅር የሚያደርገው ነው፤ ወላጅ ግን ገና ያልተፀነሰውን ልጅ የእርጅናው ዋስ አድርጎ ሊፈርምበት አይችልም። እስቲ ዕድሜውን አስቢው። እግዚአብሔር ፈቅዶ በ39 ዓመትሽ ብትወልጂ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለው የመንግሥት ጡረታ ሙሉውን በሚከፍልሽ በ67 ዓመትሽ ልጅሽ ገና 28 ዓመቱ ነው። የትምህርት ዕዳውን የሚከፍልበት፣ ትዳር ለመያዝ የሚያስብበት ዕድሜ ነው። ዛሬ የምታወጪው ገንዘብ ካልተተካ ያን ቀን ጉድለቱ የሚያርፈው በእርሱ ትከሻ ላይ ነው፤ በእንባ የተለመነ ልጅ ደግሞ ዕዳ ተሸክሞ እንዲወለድ አንቺም አትወጂም።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። ልጅን በዋጋ የሚጠብቅ ሰው፣ ሕክምናው ሳይሰምር ሲቀር፣ ልጁንም ገንዘቡንም በአንድ ቀን እንደተነጠቀ ይሰማዋል፤ ያን ጊዜ ባልና ሚስት መካሰስ ይጀምራሉ። ራሔል «ልጅ ስጠኝ፤ ይህስ ካልሆነ እሞታለሁ» ባለች ጊዜ ያዕቆብ የመለሰላት በቁጣ ነበር (ዘፍ. 30፥1-2)። ሕልቃና ግን የሐናን እንባ አይቶ «እኔስ ከአሥር ልጆች አልሻልሽምን?» አላት (1ኛ ሳሙ. 1፥8)። ባለቤትሽ «አትንኪው» ያለሽ ልጁን ጠልቶ ሳይሆን ስለ አንቺ እርጅና ፈርቶ ሊሆን ይችላልና፣ ከመከራከርሽ በፊት የሚፈራውን ነገር ጠይቂው። «ያለሽን ሁሉ አሟጠሽ ብትሰጪ እግዚአብሔር አይነሳሽም» የሚሉሽንም አትስሚ፤ ለክሊኒክ የሚከፈል ገንዘብ ስለት አይደለም፣ ልጅም የእግዚአብሔር ስጦታ እንጂ የሚገዛ አይደለም (መዝ. 126፥3)።

ግንብ ሊሠራ የሚወድ አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሣራውን እንደሚቆጥር ጌታችን ተናግሯልና (ሉቃ. 14፥28)፣ ሒሳቡንም አብራችሁ ቁጠሩት። ከ59 ዓመት ከመንፈቅ በፊት የሚወጣ ገንዘብ በመሠረቱ 10 ከመቶ ቅጣትና መደበኛውን ግብር ያስከፍላል። በፌዴራል ግብር በ22 ከመቶው እርከን ላይ ከሆናችሁ ከ24,000 ዶላሩ 2,400 በቅጣት፣ 5,280 በግብር ይሄድና የቨርጂኒያ ግብር ገና ሳይነሣ 16,320 ይቀራል። ለግብር ከሚቆጠረው ዓመታዊ ገቢያችሁ 7.5 ከመቶ በላይ በዚያው ዓመት ከኪሳችሁ ለሕክምና ካወጣችሁ፣ ከ7.5 ከመቶው በላይ የሆነው መጠን ከቅጣቱ ነጻ ይሆናል፤ ግብሩ ግን አይቀርም። አሠሪሽ የሚፈቅድ ከሆነ ከማውጣት ይልቅ ከዚያው ከጡረታ ቁጠባሽ መበደር ይሻላል። የራስሽ ከሆነው ቁጠባ እስከ ግማሹ፣ ማለትም ከ52,000 ላይ እስከ 26,000 ዶላር፣ ያለ ቅጣትና ያለ ግብር ወስደሽ በ5 ዓመት ውስጥ ለራስሽ ሒሳብ ትመልሻለሽ። ሥራ ከለቀቅሽ ግን ቀሪው ቶሎ ሊጠየቅ፣ ካልተከፈለም እንደ ወጣ ገንዘብ ሊቆጠር ስለሚችል ይህን አስቀድመሽ ጠይቂ። ስንት ጊዜ እንደምትሞክሩም ከመጀመሪያው ቀን በፊት ወስኑ፤ ከአንድ ያልሰመረ ሙከራ በኋላ፣ ልብ ባዘነበት ሰዓት፣ «አንድ ጊዜ ብቻ እንጨምር» ማለትን የሚከለክል የለም።

ክሊኒኩ ከሚያቀርብላችሁ ወረቀት ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ደግሞ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ሦስታችሁ ተቀመጡ። ስንት ፅንስ እንደሚዘጋጅ፣ የተረፈው ምን እንደሚሆን፣ የሌላ ሰው ዘር ይገባበት እንደሆነ ቁርጥ ያለ መልስ ከሐኪሙ ይዛችሁ ሂዱ። በዚህ ላይ ልለዝብልሽ አልችልም፤ የተፀነሰው ሕይወት ነው፣ የጋብቻ አልጋም የሦስተኛ ሰው ድርሻ የለበትም። ገንዘቡ ሞልቶ ይህ ካልጠራ መጀመር የለባችሁም።

ነሐሴ 7 ቀን፣ በፍልሰታ ጾም መካከል፣ ኢያቄምና ሐና ከብዙ ዘመን ልመና በኋላ እመቤታችንን የፀነሱበትን ቀን እናከብራለን። በዚያ ቀን በጸሎት ላስባችሁ እወዳለሁና የሁለታችሁንም የክርስትና ስም ላኪልኝ።