ብርቅዬ ማዕድን ፍለጋ፦ ከማረፋችሁ በፊት የት እንደምታርፉ እወቁ

ጥያቄ፦ «ኖ ማንስ ስካይ» የሚባለውን የጠፈር ጌም መጫወት ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። አክቲቬትድ ኢንዲየም የሚባለውን ማዕድን ፍለጋ ሃያ ያህል ፕላኔቶች ላይ አርፌ ብዞርም አንድም አላገኘሁም። ዕድሌ ነው ወይስ የምሳሳተው ነገር አለ?

መልስ፦ ዕድልህ አይደለም። የምትፈልገው መሬቱ ላይ ነው፣ መልሱ ግን ኮከቡ ላይ ነው ያለው። በዚህ ጌም ማዕድኑን የሚወስነው የኮከቡ ቀለም ነው፦ ቢጫ ከሆነ መዳብ፣ ቀይ ከሆነ ካድሚየም፣ አረንጓዴ ከሆነ ኤመሪል፣ ሰማያዊ ከሆነ ኢንዲየም። «አክቲቬትድ» የሚባለውን ዓይነት ደግሞ አየሩ እጅግ የከፋ ፕላኔት ላይ ነው የምታገኘው። ስለዚህ በቢጫ ኮከብ ዙሪያ ዓመት ሙሉ ብትዞር ልፋት ብቻ ነው።

መጀመሪያ መርከብህ ላይ ኢንዲየም ድራይቭ የሚባለውን የመጓጓዣ መሣሪያ ግጠም፤ ወደ ሰማያዊ ኮከብ የሚያደርስህ እሱ ነው። እዚያ ስትደርስ ለማረፍ አትቸኩል። ከላይ ሆነህ ፕላኔቶቹን አንድ በአንድ ስካን አድርግና ዝርዝሩን አንብብ፤ አክቲቬትድ ኢንዲየም የሚል ካላየህ ቆንጆ ቢመስልህም እለፈው። ካረፍክ በኋላ ክምችቱን በአናሊሲስ ቫይዘር፣ ማለትም አካባቢውን በሚቃኘው መነጽርህ ትለየዋለህ። ስትቆፍር የቴሬይን ማኒፑሌተሩን (የመሬት መቆፈሪያ መሣሪያህን) ስፋት ወደ ትንሹ አውርደው፣ ብዙ ሰው በትልቁ ቆፍሮ ግማሹን ያባክናል፣ እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ብዙ የምትፈልግ ከሆነ ግን በእጅ መቆፈሩን ተወው። ቫይዘሩ ላይ ሰርቬይ ዲቫይስ የሚባለውን መፈለጊያ ግጠምና ማዕድን የበዛበትን ሆትስፖት ፈልግ። ደረጃቸው ከዝቅተኛው ጀምሮ ሲ፣ ቢ፣ ኤ እና ኤስ ነው፤ ኤስ ላይ ማውጫ ማሽን ከተከልክ አንተ ሌላ ሥራ ላይ እያለህ እሱ ይሰበስብልሃል።

ጥያቄ፦ እዚያው «ኖ ማንስ ስካይ» ላይ ስቶርም ክሪስታልስ (የአውሎ ነፋስ ክሪስታል) ቀን ሙሉ ፈልጌ አጣሁ።

መልስ፦ አየሩ ሲረጋ አይሰበሰብም። አውሎ ነፋሱ ሲነሳ ነው የሚያበራው፣ ያኔ ነው የሚለቀመው። መከላከያህ እያለቀ ከመጣ በቴሬይን ማኒፑሌተር ጉድጓድ ቆፍረህ ግባና ትንሽ ቆይ።

ጥያቄ፦ እኔና ጓደኛዬ «ኤሊት ዴንጀረስ» በሚባለው የጠፈር ጌም ላይ ለኢንጂነሪንግ (የመርከብ ዕቃዎችን ለማሻሻል) ፖሎኒየምና ቴሉሪየም ያስፈልገናል። በኤስአርቪ፣ መሬት ላይ በሚነዳው ተሽከርካሪ፣ ድንጋይ ስንሰብር ማታው ያልፋል፣ የምናገኘው ብረትና ድኝ ነው።

መልስ፦ ድንጋይ መስበሩን አቁሙ! እነዚህ ሁለቱ ከጥሬ ማዕድናቱ የመጨረሻው፣ የአራተኛው ደረጃ ናቸው፤ የሲስተም ማፑ (የኮከቡንና የፕላኔቶቹን ዝርዝር የያዘው ካርታ) በመቶኛ የሚያሳያችሁ ድርሻ እንኳ ትንሽ ነው። ክሪስታላይን ሻርድስ፣ ማለትም ማዕድን የያዙ ክሪስታሎች፣ ወዳለበት ሂዱ። ሂፕ 36601 የሚባለው ሲስተም ውስጥ ፖሎኒየም፣ ቴሉሪየም፣ ሩቴኒየምና ቴክኒቲየም፣ እያንዳንዱ በየራሱ የሰማይ አካል ላይ አለ። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ረጅም ዝላይ ያለው መርከብና ኤስአርቪ ይዛችሁ ተነሱ። ስትደርሱ ፕሮብ (የመቃኛ መሣሪያ) ተኩሳችሁ ቦታዎቹን ካርታ ላይ አውጡ፣ ከዚያ አርፋችሁ ክሪስታሎቹን እየመታችሁ ልቀሙ።

የአራተኛው ደረጃ የምትይዙት እስከ 150 ነው፣ እስኪሞላ አትመለሱ። ምክንያቱም ማቴሪያል ትሬደር (ማዕድን የሚለውጥላችሁ ነጋዴ) ጋ ከአንድ ደረጃ ወደሚቀጥለው ከፍ ለማድረግ 1 ለማግኘት 6 ትከፍላላችሁ፤ ከላይ ወደ ታች ግን 1 ሰጥታችሁ 3 ትቀበላላችሁ። ብረቱንም ድኙንም በዚህ መንገድ ታገኙታላችሁ።