የማረፊያውን መስመር አልፎ ለሚሄድ የበረራ ተማሪ የትኛው ቪአር ሄድሴት?

ጥያቄ፦ ካፒቴን፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ማታ እየሠራሁ ቀን ቀን ማናሳስ ኤርፖርት በሴስና 172 ለግል አብራሪ ፈቃድ እማራለሁ፤ እስካሁን 14 ሰዓት በርሬያለሁ። ችግሬ ከቤዝ (ወደ ማኮብኮቢያው መስመር በጎን ከሚቀርበው የዙር ክፍል) ወደ ፋይናል (ቀጥታ ወደ ማኮብኮቢያው ወደሚያስገባው የመጨረሻ መስመር) ስታጠፍ የማኮብኮቢያውን መስመር ሁልጊዜ አልፌው መሄዴ ነው። አስተማሪዬ «ዘግይተህ ነው የምታየው» ይለኛል። ቤት ውስጥ ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር በ27 ኢንች ስክሪን እለማመዳለሁ። ዮክ የሚባለው የአውሮፕላን መሪና የእግር ፔዳል አለኝ፣ ግራፊክስ ካርዴ አርቲኤክስ 4070 ነው። አሁን ቪአር ሄድሴት (ዓይን ላይ የሚለበስ፣ አንገትን ሲያዞሩ ዙሪያውን የሚያሳይ ስክሪን) ልገዛ አስቤ ከኩዌስት 3ኤስ፣ ከኩዌስት 3፣ ከፒማክስ ክሪስታል ላይትና አንድ ሰው በርካሽ ከሚሸጥልኝ ኤችፒ ሪቨርብ ጂ2 መምረጥ አቃተኝ። የዓይን መነጽር አደርጋለሁ። በሄድሴት የበረርኩት ሰዓትስ ይቆጠርልኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የመጨረሻው ጥያቄህ አጭር ስለሆነ ከእሱ ልነሳ። ቤትህ በሄድሴት የምትበረው ሰዓት አይቆጠርም፤ ሎግቡክህ ላይ አንዲት ደቂቃም እንዳትጽፍ። ኤፍኤኤ (የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን) የሚቆጥረው የፈቃድ ደብዳቤ በሰጠው መሣሪያ ላይ የሠራኸውን ነው። በዚያም ላይ ቢሆን ለግል ፈቃድ ከሚያስፈልጉህ 40 ሰዓታት አብዛኛውን ጊዜ የሚያዝልህ ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው፣ ያውም ከአስተማሪ ጋር። ቪአር የልጆች ጨዋታ ነው የሚልህን ግን አትስማ። የአውሮፓው የአቪዬሽን ደህንነት ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ የስዊዘርላንድ ኩባንያ የሠራውን የሮቢንሰን አር22 ሄሊኮፕተር የቪአር ማሠልጠኛ አጽድቋል፤ ኤፍኤኤም በ2024 ተቀብሎታል። ያ መሣሪያ የሚንቀሳቀስ መድረክና ሙሉ ኮክፒት አለው። መኝታ ቤትህ ውስጥ ያለው ሄድሴት ብቻውን በደንብ የሚያስተምርህ ነገር አንድ ነው፦ አንገትህን አዙረህ ውጭውን ማየት።

የጎደለህም እሱው ነው። እዚሁ አካባቢ ሳስተምር፣ ለተማሪዎቼም ቤታቸው ድረስ ሄጄ ሲሙሌተር ስገጥም ያንተን ችግር ደጋግሜ አይቻለሁ። በ27 ኢንች ስክሪን ዳውንዊንድ ላይ፣ ማለትም ከማኮብኮቢያው ጎን ለጎን ከማረፊያው በተቃራኒ አቅጣጫ፣ ስትበር ማኮብኮቢያው በግራ ክንፍህ ትይዩ ሲደርስ ከስክሪኑ ይወጣል። ለማየት ዮኩ ላይ ያለችውን ቁልፍ ትጫናለህ፤ እይታው ዘሎ ወደ ጎን ይሄዳል፣ መልሰህ ስትጫን ዘሎ ይመለሳል። እሱ ስለሚያደናግር ብዙ ተማሪ ማየቱን ይተውና ሰከንድ መቁጠር ይጀምራል፦ ከጫፉ ትይዩ ከሆንኩ እስከዚህ ቆጥሬ እታጠፋለሁ፣ ኮምፓሱ ይህን ሲያሳይ አቀናለሁ። ሲሙሌተሩን ያለ ነፋስ ስለሚያበረው ይሳካል። እውነተኛው አውሮፕላን ውስጥ ነፋስ ከኋላ ሲገፋህ ያው ቆጠራ መስመሩን ያሳልፍሃል። እጅህ ጥፋት የለበትም፤ ዓይንህ ነው በሰዓቱ ወደ ማኮብኮቢያው ያልዞረው።

ይህን አጥብቄ የምነግርህ አደጋ ስላለው ነው። መስመሩን ያለፈ ተማሪ ክንፉን የበለጠ ማዘንበል ይፈራና አፍንጫውን በእግር ፔዳል ወደ ማኮብኮቢያው ይጎትታል። ፍጥነቱ ዝቅ ያለ፣ ከፍታው ጥቂት መቶ ጫማ ብቻ ነው። በዚያ ሁኔታ ስቶል ከመጣ፣ ማለትም ክንፉ መሸከም ካቆመ፣ አውሮፕላኑ እየተሽከረከረ ወደሚወድቅበት ስፒን ይገባል፣ ለመውጣት የሚበቃ ከፍታም የለህም። ካለፍክ ጉልበት ስጥ፣ ውጣና እንደገና ዙር። ሄድሴት ገዛህም አልገዛህም ይህን ከዛሬ ጀምረህ ያዝ።

አሁን ወደ ምርጫው። ሰው ሄድሴት ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠይቀው የፒክስሉን ብዛት ነው። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው የሌንሱን ዓይነት ነው። ኩዌስት 3ኤስም ሪቨርብ ጂ2ም ፍሬኔል የሚባለውን፣ ክብ ክብ ጥርሶች ያሉትን ሌንስ ይጠቀማሉ። በፍሬኔል ጥርት ብሎ የሚታየው መሀሉ ብቻ ነው። ከመሀል ወጣ ያለውን መለኪያ ለማንበብ ዓይንህን ብታዞር ይደበዝዛል፣ ጭንቅላትህን ማዞር አለብህ። እውነተኛው ኮክፒት ውስጥ ግን ከፍጥነት መለኪያው ወደ አልቲሜትሩ (የከፍታ መለኪያው) የሚሄደው ዓይን ነው፣ አንገት ቦታው ላይ ይቆያል። ለእያንዳንዱ መለኪያ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ የለመደ ተማሪ አስተምሬ አውቃለሁ፤ ልማዱን ለማስተው ስንት በረራ እንደፈጀብን እኔና እሱ እናውቃለን። ኩዌስት 3 ፓንኬክ ሌንስ ስላለው ምስሉ እስከ ዳር ድረስ ጥርት ያለ ነው። ልዩነቱን ሁለቱን አከታትለህ ብታደርጋቸው በአንድ ደቂቃ ትረዳዋለህ።

ፒክስሉንም በቁጥር ሳይሆን በዲግሪ ስንት እንደሚደርስ አስበው። ጤናማ ዓይን በአንድ ዲግሪ ውስጥ ወደ 60 ፒክስል ይለያል። ኩዌስት 3ኤስ 20 ገደማ፣ ኩዌስት 3 ወደ 25፣ ክሪስታል ላይት ወደ 35 ያሳይሃል። የአልቲሜትር ቁጥር 5 ሚሊሜትር ቁመት ይኑረው እንበል፣ አንተም 70 ሴንቲሜትር ርቀህ ተቀምጠሃል። ቁጥሩ የዲግሪ አራት አሥረኛ ያህል ይይዛል። ይህ በ3ኤስ 8 ፒክስል፣ በኩዌስት 3 አሥር፣ በፒማክሱ 14 ነው። በ8 ፒክስል 6ን ከ8 ለመለየት ወደ ፊት ታጎነብሳለህ፣ በአሥር ሳታጎነብስ ታነባለህ፣ በ14 ደግሞ አይቸግርህም። ሌላ አውሮፕላን መፈለግን ግን በአንዳቸውም አትለማመድ። የ172 ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 11 ሜትር ነው። በሦስት ኖቲካል ማይል ላይ በኩዌስት 3 ሦስት ፒክስል እንኳ አይሞላም፣ በፒማክሱም አራት ነው። ያንን አየር ላይ በራስህ ዓይን ነው የምትማረው።

ሪቨርብ ጂ2ን በተመለከተ ሰውየው በነጻ ቢሰጥህም አስብበት። ሄድሴቱ በጊዜው ድንቅ ነበር፣ የብዙ ሲሙሌተር ወዳጅ መጀመሪያም እሱ ነው። የሚሠራው ግን ዊንዶውስ ሚክስድ ሪያሊቲ በሚባል ሶፍትዌር ነበር፤ ማይክሮሶፍትም ያንን 24ኤች2 ከሚባለው የዊንዶውስ 11 እድሳት ጀምሮ አውጥቶታል። ኮምፒውተርህ አንድ ቀን ራሱን ሲያድስ ሄድሴቱ ጠረጴዛ ላይ ይቀራል። የኤንቪዲያ ካርድ ላለው ሰው በስቲም በኩል የሚያስነሳው ኦኤሲስ የሚባል ድራይቨር አለ፤ መነካካት ለሚወድ ሰው ጥሩ ነው። አንተ ማታ ሠርተህ ቀን የምትማር ሰው ነህ፤ ያለችህን ትርፍ ሰዓት ድራይቨር ስትፈልግ እንድታጠፋት አልፈልግም።

ክሪስታል ላይት በምስል ጥራት ከአራቱም ይበልጣል፤ በዲስፕሌይፖርት ኬብል ስለሚገናኝ ምስሉ አይጨመቅም። ግን በእያንዳንዱ ዓይን 2880 በ2880 ፒክስል ነው፣ ከኩዌስት 3 ሁለት እጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረው። አርቲኤክስ 4070 ይህን ሙሉውን ሊመግበው አይችልም፤ ጥራቱን ዝቅ ታደርግና የከፈልክበትን ሳታይ ትቀራለህ። በዚያ ላይ ከኩዌስት 3 ይከብዳል። የመሣሪያ በረራ (ውጭውን ሳያዩ በመለኪያዎች ብቻ መብረር) ለሚማር፣ ጠንካራ ካርድ ላለው ሰው እመክረዋለሁ። ላንተ ኩዌስት 3 ነው። ሲወጣ 499 ዶላር ነበር፤ የተረፈህን ገንዘብ ከአስተማሪህ ጋር ለተጨማሪ በረራ አድርገው።

መነጽርህን ሄድሴቱ ውስጥ አድርገህ አትልበስ። የመነጽሩ መስታወት የሄድሴቱን ሌንስ ሲነካ ይቧጭረዋል፣ ጭረቱም አይወጣም። በዓይንህ ልክ የሚሠራ፣ ሌንሱ ላይ ገጭ ብሎ የሚገጠም ተጨማሪ ሌንስ ይሸጣል፤ እሱን አዝዝ። ለማዘዝ የሐኪም ማዘዣህ ያስፈልግሃል። ሐኪሙ ጋ ስትሄድ በሁለቱ ብሌኖችህ መሀል ያለውን ርቀት በሚሊሜትር እንዲጽፉልህ ጠይቅ። ኩዌስት 3 ከ58 እስከ 71 ሚሊሜትር በጎማ ይስተካከላል። 3ኤስ ግን 58፣ 63 እና 68 ላይ ብቻ ነው የሚቆመው። ያንተ 65 ተኩል ቢሆን 3ኤስ ላይ ሁልጊዜ ልክህ ያልሆነ ጫማ እንዳደረግህ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ዓይንህ ይደክማል።

አንድ ነገር ከራሴ ልንገርህ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሄድሴቴን መስኮት ሥር፣ ሌንሱ ወደ ላይ እንደሆነ ትቼው ቡና ላፈላ ሄድኩ። ስመለስ ፀሐይዋ ዞራ በሌንሱ ውስጥ ገብታ ስክሪኑን አቃጥላዋለች፤ በቀኝ ዓይን በኩል የምስር ፍሬ የምታህል ቢጫ ነጥብ ቀረች፣ ልክ አድማሱ የሚውልበት ቦታ ላይ። ሌንሱ ፀሐይን እንደ ማጉያ መነጽር ይሰበስባታልና ስታወልቀው ወዲያው ሸፍነው፣ መኪና ውስጥም አትተወው።

ሲገጠም ኬብሉን ከኮምፒውተሩ ጀርባ ካለው ዩኤስቢ 3 ጋር አገናኘው፣ የፊት ለፊቱን ተወው። የማሳያውን ፍጥነት 72 ኸርዝ አድርግ። ካርድህ በሰከንድ 72 ፍሬም (ምስል) የማይደርስ ከሆነ 36 ላይ ቆልፈውና የቀረውን ስፔስዋርፕ የሚባለው የሄድሴቱ ሶፍትዌር ይሙላው። የፕሮፔለሩ ጠርዝ ትንሽ እንደ ውኃ ሲወዛወዝ ታያለህ፣ አትጨነቅበት። አንዴ 60 አንዴ 40 የሚዘል ምስል ነው ሆድህን የሚያገላብጠው። ደመናውን መካከለኛ አድርግ፣ የመንገድ መኪናና የኤርፖርት ሠራተኛውን አጥፋ።

ከዚያ የመቀመጫህን ከፍታ አስተካክል። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። በሚቀጥለው በረራህ አስተማሪህን ጠይቀህ ቀጥ ብላችሁ ስትበሩ በሞተሩ ክዳንና በአድማሱ መሀል ስንት ጣት እንደሚገባ እጅህን ዘርግተህ ለካ። ቤትህ ያንኑ ያህል ጣት እስኪገባ ድረስ የሲሙሌተሩን ዓይን ከፍ ዝቅ አድርግ። እይታውን መሀል የሚመልሰውን ቁልፍም ዮኩ ላይ አድርገው፤ ሄድሴት ለብሰህ ማውስ መፈለግ ጣጣ ነው።

ልምምዱ እንዲህ ይሁን። ማናሳስ ላይ 34 ግራ የሚባለውን ማኮብኮቢያ ምረጥ፣ የግራ ዙር። ነፋሱን ከ250 ዲግሪ በ10 ኖት አድርገው፤ በቤዝ ላይ ከኋላህ ይገፋሃል፣ ችግርህን የሚፈጥረው ራሱ ነፋስ ነው። ዳውንዊንድ ላይ ጀምር። የማኮብኮቢያው ጫፍ በትከሻህ ትይዩ ሲሆን ጉልበት ቀንስ፤ ወደ ኋላ 45 ዲግሪ እስኪሆን በግራ ትከሻህ ላይ እያየህ ጠብቅ፣ ከዚያ ታጠፍ። ቤዝ ላይ ዓይንህን ከማኮብኮቢያው አታንሳ፤ በነፋሱ ምክንያት ወደ ፋይናል የምትታጠፈው ከለመድከው ቀደም ብለህ ነው። መሬት አታስነካው፣ 200 ጫማ ላይ ሲደርስ አቁመህ ወደ ዳውንዊንድ መልሰው። ፍሌርን፣ ማለትም መሬት ከመንካትህ በፊት አፍንጫውን ቀና ማድረግን፣ በሄድሴት እንድትማር አልፈልግም፤ የኩዌስት 3 እይታ በአግድም 110 ዲግሪ ገደማ ነው፣ የሰው ልጅ ደግሞ 200 ያህል ያያል። መሬቱ ወደ አንተ ሲነሳ የምታውቀው በዚያ በጎደለው በዓይንህ ጥግ ነው።

መጀመሪያ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ብረር፣ ትንሽ ፋን ፊትህ ላይ ክፈት። ግንባርህ ላብ ካለው ወይም ምራቅህ ከበዛ ወዲያው አውልቅ፤ ልቋቋመው ካልክ ነገሩ ይብስብሃል። በረራ ባለህ ቀን ጠዋት ደግሞ ሄድሴቱን አትንካው። ሁለት ሳምንት እንዲህ ከሠራህ በኋላ ነፋስ ከምዕራብ የሚነፍስበትን ቀን ጠብቀህ አስተማሪህን «ዛሬ ዙር ብቻ እንሥራ» በለው፤ ቤዝ ላይ አንገትህ መቼ እንደዞረ እሱ ይይልህ።