ሰሌኑ ላይ የተሰጣው ቡና

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የልብ ወለዷን አንድ ምዕራፍ ይዛ ቤቴ መጣች። "ጋሼ፣ ጓደኞቼ አንብበው ምንም አልተሰማንም አሉኝ። ምን ጎደለው?" አለችኝ። ምዕራፉ ውስጥ እናት ትሞታለች። ሰማዩ ይጠቁራል፣ መብረቅ ይጮኻል፣ ልጅቱን "ከባድ ሐዘን" ይወራታል። ምንም አልጎደለውም። ጸሐፊዋ ራሷ አዝና ጨርሳለች፤ ለአንባቢው የተረፈ ሐዘን የለም።

ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። በ1970ዎቹ መጨረሻ እዚሁ ጅማ አብሮኝ አማርኛ የሚያስተምር ባልደረባ ነበረኝ፤ አጋሮ አካባቢ ቡና መሃል ያደገ፣ ማታ ማታ ልብ ወለድ የሚጽፍ። አንድ ምሽት ከደብተሩ ላይ አንድ ትዕይንት አነበበልኝ። ወሩ ኅዳር ነው። የአንዲት ሴት ባል ትናንት ተቀብሯል። እሷ ከለቀስተኞቹ መሃል ተቀምጣለች። ግቢው ውስጥ ሟቹ በገዛ እጁ የለቀመው ቡና ሰሌን ላይ ተሰጥቷል። ቆርቆሮው ላይ አንድ ጠብታ ጠብ ይላል፤ ሌላም ይከተላል። ሴትየዋ ቀና ትላለች። ዝናብ ያገኘው ጀንፈል፣ ከነገለባው የሚደርቀው ቡና፣ ይሻግታል፤ ይህን በዚያ ቤት የማያውቅ የለም። ነጠላዋን አጥብቃ፣ ደጅ ወጥታ ቡናውን በእጇ ትሰበስብ ጀመር። ሴቶቹ ዝም አሉ። ከመካከላቸው አንዲት አሮጊት ተነሥተው ወጡና የሰሌኑን ሌላ ጫፍ ያዙላት። እዚያ ላይ አቆመ። እኔ ለረጅም ጊዜ መናገር አቃተኝ።

እንዴት እንደሠራው ብዙ አስቤበታለሁ። የትዕይንቱን ድባብ፣ አንባቢውን የሚከበውን ስሜት ማለቴ ነው፣ የፈጠረው ዝናቡ አይደለም፤ ዝናቡን የሰማችው ጆሮ ነው። ከለቀስተኞቹ መሃል ለዚያ ጠብታ ቀና ያለችው እሷ ብቻ ናት። ተራኪው ደግሞ "ምስኪን" አላላትም፣ "ልበ ደረቅ" ብሎም አልፈረደባትም። አጠገቧ ቆሞ አየ፣ ያየውን ነገረን። የትረካ ቃና ማለት ይኸው የተራኪው አቋቋም ነው። ዓረፍተ ነገሮቹም ያግዙታል፤ ቤት ውስጥ እያሉ አጫጭር ነበሩ፣ ዝናቡ ሲመጣ ግን "ተነሥታ፣ አጥብቃ፣ ወጥታ፣ ጎንበስ ብላ" እያለ ማሰሪያ ግሱን አዘገየው። አንባቢውም አብሯት ይሮጣል።

ረቂቁ አዲስ አበባ አንድ አሳታሚ ዘንድ ደረሰ። "ባሏ ተቀብሮ ስለ ቡና ማሰቧ አንባቢን ያስቀይማል፤ ታልቅስ" ተባለ። ባልደረባዬም አስለቀሳት። ቡናው ወጣ፣ አሮጊቷም ወጡ፣ በምትኩ የእንባ አንቀጽ ገባ። መጽሐፉ እንዲያም ሆኖ አልታተመም። እሱ አርፏል፤ የመጀመሪያው ደብተር የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ከላይ የነገርኳችሁ እኔ የማስታውሰው እንጂ የሱ ቃላት አይደሉም።

የዛሬ ወጣቶች ትዕይንት የምትማሩት ከፊልም ይመስለኛል። ፊልም ሙዚቃ አለው፤ የመጽሐፍ ገጽ ግን ሙዚቃ የለውም። ደግሞስ ዝናብ ለምን የሐዘን ብቻ ይሆናል? ከበጋው በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው እኮ ቡናው በነጭ አበባ ይሸፈናል፣ መንደሩ ሁሉ ይሸታል። ያንን ዝናብ የሚያይ ገበሬ ምን ሐዘን አለበት? ለጅማ ሰው ጻፉ፣ በጅማ ሰው ዓይን እዩ።

ተማሪዎቼን ጅሬን ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እወስዳቸው ነበር። ከኮረብታው ላይ ከተማው ወለል ብሎ ይታያል። "አሁን የምታዩትን ሁለት ጊዜ ጻፉ" እላቸዋለሁ፤ አንዴ ነገ እንደሚያገባ ሰው፣ አንዴ ሐሙስ ዕለት ሂርማታ ገበያ ገንዘቡን እንደተሰረቀ ሰው። ስሜትን በስሙ መጥራት ክልክል ነው። አንዱ ልጅ ሁለተኛውን ሲጽፍ ከተማውን ጨርሶ ተወውና ስለ ሰገነቱ የእንጨት ወለል መንቋቋት ብቻ ጻፈ። ዛሬ የት ይሆን? ጥሩ እጅ ነበረው።

በንግግርም ድባብ ይለወጣል። ለ20 ዓመት "አንተ" ስትለው የኖረችውን ባሏን አንድ ጠዋት "ቁርስዎ ቀርቧል" ብታስብሏት ቤቱ ይቀዘቅዛል፤ "ተቆጣች" ብሎ መጻፍ አያስፈልግም።

ግን ስሜትን በስሙ ፈጽሞ አትጥሩ ማለቴም አይደለም። አልቃሾቻችን በሙሾ ሐዘንን በስሙ ይጠሩታል፣ ያስለቅሳሉም። ሙሾ ግን ዜማ አለው፣ ሟቹንም በግብሩና በሙያው እየጠራ ነው የሚያስለቅሰው። የዚያን ያህል የምታውቁት ሰው ካላችሁ ጻፉት።

ለዚያች ተማሪ መብረቁን አውጥታ፣ እናቲቱ በሞተችበት ጠዋት ልጅቱ በእጇ ምን ይዛ እንደነበር እንድትጽፍ ነግሬያታለሁ። እናንተም አርታዒ ለውጡ ሲላችሁ ለውጡ፤ የአርታዒ ዓይን ያስፈልጋል። የቀድሞውን ግን አታጥፉ። በሌላ ፋይል አስቀምጡት፣ አንድ ቅጂ ደግሞ ለምታምኑት ሰው በቴሌግራም ላኩ።