ከወይዘሮ ወርቂት ምን እንማር? ለወሎ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ዕድሜዬን በደቡብ ወሎ ወረዳዎች በመሬት አስተዳደር ሥራ ያሳለፍኩ እናታችሁ ነኝ። ወደ አመራር ለመግባት የምታስቡ ልጆች፣ ይልቁንም ሴቶቹ፣ ምክር ስትጠይቁኝ ቀድመው የሚታወሱኝ የወረሂመኖዋ ገዥ ወይዘሮ ወርቂት ናቸው።

ወረሂመኖ በወሎ ውስጥ ያለች፣ ኢማም የሚል ማዕረግ የያዙ ሙስሊም መሳፍንት የገዟት አገር ናት። ወይዘሮ ወርቂትም በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን በልጃቸው ስም አገር አስተዳድረዋል፣ ጦር አዝዘዋል። ስሙ የልጅ ይሁን እንጂ የሚመክሩትም የሚወስኑትም እሳቸው ነበሩ።

ያ ልጅ በቴዎድሮስ እጅ ወድቆ መቅደላ ላይ ታስሮ ሳለ፣ በሰኔ 1857 ዓ.ም. የሸዋው ምኒልክ ከዚያው አምባ አምልጠው ወይዘሮዋ ዘንድ ደረሱ። የገዛ ልጃቸው በንጉሡ እስር ቤት ነው፤ ንጉሡ አጥብቀው የሚፈልጉት ሰው ደግሞ በእሳቸው እጅ ገብቷል። የሆነው በሁለት መልክ ይነገራል። አንዱ ተራኪ እንግዳቸውን ሳያመነቱ አስጠለሉ ይላል፤ ሌላው ምኒልክን በልጃቸው ለመለወጥ ሲያስቡ ሳሉ የልጃቸው መርዶ ደረሳቸው ይላል። ቴዎድሮስ ልጁን ማስገደላቸውና ምኒልክ ሸዋ መግባታቸው ግን በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው። ሁለተኛውን በመስማቴ ለእሳቸው ያለኝ አክብሮት አልቀነሰም፤ እንዲያውም እንዲህ ባለ ጉዳይ ሳያወላውል የሚወስን መሪ ያስፈራኛል። ስለዚህ ወርቂትን ልጇ የሞተባት እናት ብቻ አድርጋችሁ አትተርኩ፤ ገዥ ነበሩ፣ እንደ ገዥም ይመዘኑ።

በዚሁ ሚዛን ከሌላዋ የወሎ ገዥ ከወይዘሮ መስተዋት ጋር የነበራቸው ፉክክር ያሳዝነኛል። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን ሲከቡ የሁለቱንም ሴቶች ትብብር ፈልገው ነበር፤ የሁለቱም ክንድ ያን ያህል ይታወቅ ነበር። ሆኖም ወሎ በውስጥ ሽኩቻ ተዳክማ ቆየች፣ ብዙም ሳይቆይ ምኒልክ ወደ ወሎ ዘልቀው የወረኢሉን ከተማ ቆረቆሩ።

የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በምንሰጥበት ጊዜ፣ ባሏ የሞተባት አንዲት ገበሬ ለደብተሩ የሚሆን ፎቶዋን በመሐረብ ጠቅልላ ይዛ መጥታ፣ «በልጄ ስም ይጻፍልኝ» አለችኝ። ልጁ ገና እረኛ ነበር፤ ማሳውን የምታሳርሰው፣ ግብሩን የምትከፍለው እሷ ናት። በራሷ ስም እንዲጻፍ ለማግባባት ብዙ ተነጋገርን፤ በመጨረሻ ፎቶዋን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ወይዘሮ ወርቂት በዘመናቸው ሌላ መንገድ አልነበራቸውም፤ እናንተ ግን አላችሁ። በስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ እንድትይዙ ብቻ ስትጠሩ፣ ያዙ፤ ነገር ግን አስቀድማችሁ ሐሳባችሁን ተናገሩ፣ የተናገራችሁትንም በስማችሁ መዝግቡት።